ወተቱ የት ሄደ? ሽንሌ ለተመደብሽው ለአዲሷ ነርስ

ልጄ፣ ምደባሽ ሽንሌ መሆኑን ስትነግሪኝ ሙቀቱና ቋንቋው እንዳስፈራሽ ገብቶኛል። ሙቀቱን ትለምጂዋለሽ፤ ሶማሊኛውንም ከሕፃናቱ አፍ ትማሪዋለሽ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በትምህርት ቤት የሚሰጠው የሥነ ምግብ ትምህርት ምሳሌው ሁሉ የደገኛ ገበሬ ቤት ነው፤ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ከጓሮ የሚነቀል ካሮት። ሽንሌ ያለችበት የሶማሌ ክልሉ ሲቲ ዞን ግን ቆላ ነው። ሰዉ በአብዛኛው ግመል፣ ፍየል፣ በግና ከብት የሚያረባ የኢሳ ሶማሌ ነው። እዚያ የልጅ አካል የሚገነባውም የሚጎዳውም በወተት ነው።

ስለዚህ ከምመክርሽ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ፦ የሕመምተኛን የምግብ ሁኔታ ስትመረምሪ አካሉን ለኪ፣ ወተቱንም ጠይቂ። ልኬቱ የጉዳቱን መጠን ይነግርሻል። ጉዳቱ ከየት እንደመጣና በሚቀጥለው ወር ወዴት እንደሚሄድ የምታውቂው ግን ወተቱ የት እንደሄደ ስትጠይቂ ነው።

1. ከመዝገቡ በፊት የአገሩን ወቅት ተማሪ

ሽንሌ ከድሬዳዋ በስተሰሜን ቅርብ ናት፤ የድሮው የጅቡቲ ባቡር መስመር የሚያልፍባት ትንሽ ከተማ። ከተማዋን አይተሽ አገሩን አወቅሁ እንዳትይ። አብዛኛው ታካሚሽ ከመንገድ ርቆ የሚኖር ነው፤ ኑሮውም በዝናብ ይመራል። የበልጉን ዝናብ ድረዓ፣ የክረምቱን ካረን ይሉታል፤ ረጅሙ ደረቅ ወቅት ጅላል ነው። ዝናብ ሲጥል ሣር ይበቅላል፣ እንስሳት ይወልዳሉ፣ ወተት ይትረፈረፋል። ጅላል ሲጠና ወጣቶቹ መንጋውን ይዘው ግጦሽና ውሃ ፍለጋ ይርቃሉ። እናቶች፣ አረጋውያንና ሕፃናት ከጥቂት ፍየሎች ጋር ይቀራሉ። ወተቱም ከመንጋው ጋር ይሄዳል።

ዝናብ ሲቀር ደግሞ ነገሩ በተራ ይመጣል። መጀመሪያ ግጦሹ ያልቃል፤ እንስሳቱ ይከሳሉ፣ ማርገዝ ያቆማሉ፤ ወተት ይነጥፋል። ሁሉም እህል ለመግዛት እንስሳ ወደ ገበያ ሲያወጣ የፍየሉ ዋጋ ይወድቃል፣ የዱቄቱ ይወጣል። የሕፃኑ ክንድ የሚቀጥነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የክንድ መለኪያ ሪባንሽ ቀይ ሲያሳይ ችግሩ ወራት አልፎታል ማለት ነው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት የመጣው ድርቅ ሲቲን ክፉኛ ሲመታ የታየው ይኸው ቅደም ተከተል ነበር።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሴቭ ዘ ችልድረንና የአሜሪካው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ በሶማሌ ክልል በሊበንና በሽንሌ አርብቶ አደሮች መካከል ጥናት አካሂደው ነበር። ልጆቹ ለምን በበጋ እንደሚከሱ እናቶቹን ራሳቸውን ጠየቁ። እናቶቹ የመለሱት ስለ ዕርዳታ እህል አልነበረም፤ ወተት እንደሚጠፋና የሚታለቡት እንስሳት ከልጆቹ እንደሚርቁ ነገሯቸው። መፍትሔውንም ራሳቸው አመለከቱ፦ ጥቂት የሚታለቡ እንስሳት መኖ እየቀረበላቸው በጋውን ከቤት አጠገብ ይቆዩ። ይህ በኋላ ተሞክሮ መኖ ባገኙት ቦታዎች የልጆቹ የምግብ ሁኔታ በበጋው ብዙም ሳይወርድ ቆይቷል። ወጪውም ከተጎዱ በኋላ በሕክምና ምግብ ከማዳን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የአገራችን ሰው "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ" የሚለው ለዚህ ነው።

2. ሒሳቡን በቃልሽ ያዢ

አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ፕሮቲንም 4፤ ቅባት 9። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ከ9 እስከ 11 ወር ያለው 300፤ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘው 550። እነዚህን ቁጥሮች ካወቅሽ እናቲቱ የምትነግርሽን እዚያው እየሰማሽ ትመዝኚዋለሽ።

ለምሳሌ የግመል ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ከ60 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪና 3 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሁለት ብርጭቆ ወተት የጠጣ ልጅ ከ240 በላይ ኪሎ ካሎሪ አግኝቷል። ወተቱ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚተካው በስኳር የጣፈጠ ሻይ ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 12 ግራም ገደማ ነው፤ 48 ኪሎ ካሎሪ። ፕሮቲን የለውም፣ ቫይታሚን የለውም፤ ሆድ ግን ይሞላል፣ ልቅሶም ያስታግሳል። እናቲቱ "በልቷል፣ ጠጥቷል" ስትልሽ አልዋሸችም፤ የጠጣው ምን እንደሆነ ግን ጠይቂ።

3. ልኬቱን እንደ መድኃኒት መጠን ጠንቅቂ

ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ሕፃን የክንድ መለኪያ ሪባኑ ዋና መሣሪያሽ ነው። ግራ ክንዱን ክርን ላይ አጥፈሽ በትከሻው ጫፍና በክርኑ ጫፍ መካከል ያለውን አማካይ ቦታ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ክንዱ ዘና ብሎ ወደ ታች ይውረድ። ሪባኑን አታጥብቂ፣ አታላልም፤ እስከ ሚሊ ሜትሩ አንብቢ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 በታች መካከለኛ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሪባኑን በሰነፍ እጅ ካላላሽው ወይም ከጎተትሽው አንዱን ልጅ ከሕክምና ታስወጪያለሽ፣ ሌላውን ያለ ምክንያት ታስገቢያለሽ።

ሚዛኑን ጠዋት ጠዋት ባዶውን ዜሮ ላይ አድርጊ። ሕፃኑን ልብሱን አውልቀሽ መዝኚ፤ በአንገቱ ክታብ ካለ እናቲቱን ሳታስቀይሚ ክብደቱን አስቢበት እንጂ በጥሺ አትበያት። ቁመት ሁለት ዓመት ላልሞላው ተኝቶ፣ ለሞላው ቆሞ ይለካል። ተኝቶ የተለካው ቆሞ ከሚለካው 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ሁለቱን አታደባልቂ። ክብደት ለቁመት ከዜድ ስኮር -3 በታች ከሆነ እሱም ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው።

ከሁሉ በላይ እግሩን ሳታዪ አታሰናብቺ። በሁለቱም እግር ጀርባ ላይ በአውራ ጣትሽ ሦስት ሴኮንድ ተጭነሽ ልቀቂ፤ ጉድጓድ ከቀረ እብጠት አለ። እብጠት ያለበት ልጅ በሚዛን ላይ ደህና መስሎ፣ ክንዱም አረንጓዴ አሳይቶ በጽኑ የታመመ ሊሆን ይችላል። በእግር ብቻ ከሆነ አንድ መደመሪያ፣ ወደ ቅልጥምና እጅ ከወጣ ሁለት፣ ፊት ከደረሰ ሦስት ብለሽ ጻፊ። ሦስት መደመሪያ ያለው ሳይዘገይ ተኝቶ መታከም አለበት።

4. ዕድሜን በበዓልና በዝናብ ጠይቂ

"የተወለደው መቼ ነው?" ብትያት ብዙ እናት ቀን አትነግርሽም። "ከካረን በፊት ነው በኋላ? የድርቁ ዓመት ነው ወይስ ቀጣዩ?" ስትያት ግን ትነግርሻለች። የአካባቢውን ክስተቶች የያዘ የራስሽን ሰሌዳ ከአገሬው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር አዘጋጂ። ረመዳንና ዐረፋን ስትጠቀሚ ተጠንቀቂ፤ የጨረቃ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው ረመዳን የዛሬው ወር ላይ አልነበረም። ዕድሜው ጨርሶ ካልታወቀ ቁመቱ ከ65 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ያለውን ከ6 እስከ 59 ወር ባለው ክልል አስገቢው።

5. ረጅም እግር ያለው ሕዝብ መሆኑን አትርሺ

ይህን ብዙ ሰው አይነግርሽም። አርብቶ አደሩ ሕዝብ ከደገኛው ገበሬ ይልቅ እግሩ ረጅም፣ ከወገቡ በላይ ያለው አካል አጭር ነው። እግር በክብደት ቀላል ስለሆነ ክብደት ለቁመት ስትሠሪ ረጅም እግር ያለው ልጅ ከእውነተኛ ሁኔታው የከሳ ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢትዮጵያ አርብቶ አደርና ገበሬ ልጆች ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ የክንድ ልኬት ግን በዚህ ብዙም አይዛባም።

ይህ ማለት ክብደት ለቁመትን ጣይው ማለት አይደለም። የአገራችን መመሪያ ክንድ ወይም ክብደት ለቁመት ወይም እብጠት፣ ከሦስቱ አንዱ ከተገኘ ሕፃኑን አስገቢ ይላል፤ እንደዚያው አድርጊ። እኔ የምልሽ የወረዳሽ ሪፖርት በሁለት መለኪያ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሲያመጣ ሰው አጭበረበረ ብለሽ አትጠርጥሪ፤ ምክንያቱ የሰዉ አቋም ሊሆን ይችላል። አዋቂ ላይም እንዲሁ ነው። 1.80 ሜትር ቁመትና 58 ኪሎ ክብደት ያለው እረኛ የክብደትና ቁመት ምጣኔው (ቢኤምአይ) ሲሰላ 17.9 ይመጣል፤ ከ18.5 በታች ነው። ከመፍረድሽ በፊት ክንዱን ለኪ፣ ከስቶ እንደሆነ ወይም ከድሮም እንዲሁ እንደሆነ ጠይቂ።

6. ክልሉ የሚታመምበትን መንገድ ለይተሽ እወቂ

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች መካከል በአማራ ክልል ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በሶማሌ ክልል ከመቶ 27ቱ። በመክሳት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በአማራ ከመቶ 10 ገደማ፣ በሶማሌ ከመቶ 23። ደገኛው ልጅ ቀስ በቀስ፣ ዓመት በዓመት፣ በቁመቱ ይከፍላል። የቆላው ልጅ ወተት ሲኖር ያድጋል፤ ወተት በድንገት ሲነጥፍ በድንገት ይከሳል። ለመቀንጨር ዓመታት ይወስዳል፤ ለመክሳት ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ። ስለዚህ ሽንሌ ላይ አንዴ ለክተሽ "ደህና ነው" ያልሽው ልጅ ከወር በኋላ ሌላ ልጅ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮውን አታርቂ።

ሦስተኛው ቁጥር የባሰ ነው። በዚያው ጥናት በሶማሌ ክልል ከ6 እስከ 59 ወር ካሉት ልጆች ከመቶ 83ቱ፣ ከሴቶቹ ደግሞ ከመቶ 60 ገደማው ደም ማነስ ነበረባቸው። ወተት ብዙ ነገር አለው፤ የግመል ወተት ከላም ወተት የበለጠ ቫይታሚን ሲም አለው፤ ብረት ግን በጣም ያንሰዋል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ ያለውንም ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግደዋል። መዳፉን፣ የዓይኑን ውስጠኛ ቆዳ፣ ምላሱን ተመልከቺ። ጨለማ ሲሆን እየተደናቀፈ የሚሄድ ልጅ ካለ ቫይታሚን ኤ ማነሱን ጠርጥሪ። ካፕሱሉ በየስድስት ወሩ መሰጠቱን አረጋግጪ፤ ከ6 እስከ 11 ወር 100,000 ዩኒት፣ ከ12 እስከ 59 ወር 200,000።

7. ስትጠይቂ እንደ ዳኛ አትጠይቂ

ካርድ ይዘሽ "ምን ታበይዋለሽ?" ብለሽ ብትጀምሪ እናቲቱ የሚያስደስትሽን ትነግርሻለች። መጀመሪያ ሰላምታ ስጪ፤ በዚያ አገር ሰላምታ አጭር አይደለም። ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንስሳቱ ጤና ጠይቂ። በዕድሜ የምትበልጥሽን ሆዮ (እናቴ) በያት። አያት አብራ ከመጣች እሷን አታልፊያት፤ ሕፃኑ ምን እንደሚቀምስ የምትወስነው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። አስተርጓሚ ሲያስፈልግሽ ሴት ፈልጊ፤ ስለ ጡትና ስለ ወር አበባ በወንድ በኩል እውነት አይገኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እንዲደብቅ የሚያደርገው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጠያቂው ፊት ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ፍሬ ነገሩ ግቢ። ስንት እንስሳ ይታለባል? ከቤት ናቸው ወይስ ርቀዋል? ወተቱ ሲመጣ ማን ነው ቀድሞ የሚጠጣው? ለገበያ የሚሸጠው ስንቱ ነው? ወተት ሸጦ ዱቄትና ስኳር መግዛት ነውር አይደለም፤ አንቺ የምትፈልጊው ለሕፃኑ ስንት እንደሚቀር ነው። ቀጥለሽ ትናንት ከነቃበት እስከ ተኛበት የቀመሰውን ሁሉ አስቆጥሪ። "አብዛኛውን ጊዜ" የሚል ጥያቄ ምኞት ያመጣል፤ "ትናንት" የሚለው ግን የተበላውን ያመጣል።

መመሪያው ከስምንት የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱን ይጠይቃል፦ የእናት ጡት፣ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። በወተት የጠገበ የአርብቶ አደር ልጅ ጡቱን፣ ወተቱንና የላሆህ (ቂጣ) ቁራሹን ቆጥረሽለት ሦስት ላይ ይቀራል፤ አካሉ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጻፊ። ከዚያ የሚቻለውን ጨምሪለት፤ ፍየል በታረደ ጊዜ ጉበቱ ተፈጭቶ ለሕፃኑ ይቅደም፣ ገንፎው ላይ ምስር ይግባ፣ ከድሬዳዋ ገበያ ፓፓያ ሲገኝ ለልጁ ይገዛ። እቤቷ የሌለውን እንቁላል በየቀኑ አብይው ብለሽ አትላኪያት፤ ምክርሽን ጥላ ትሄዳለች።

8. የሚበላውንና የማይበላውን ለዪ

ከፍተኛ የምግብ እጥረት ያለበት ሁሉ አይተኛም። እ.ኤ.አ. በ2000 በሐዲያ የተሞከረው የተመላላሽ ሕክምና ብዙዎቹ ልጆች እቤታቸው ሆነው እንደሚድኑ ካሳዩት ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ዛሬ ኦቲፒ የምንለው አሠራር ከዚያ ጊዜ የመጣ ነው። መለያው የምግብ ፍላጎት ፈተና ነው። ጸጥ ያለ ጥላ ቦታ አስቀምጫቸው፤ እናቲቱ እጇን ትታጠብ፤ የሕክምና ምግቡን ፕላምፒነትን በራሷ እጅ ትስጠው፤ ውሃ አጠገቡ ይኑር። እስከ አንድ ሰዓት ጠብቂ፤ አታስገድጂው። ለክብደቱ የተወሰነውን ከበላ፣ ሌላ ከባድ ሕመምም ከሌለው እቤቱ ይታከማል።

አልበላም ካለ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ አካሉ ከቀዘቀዘ፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ ወይም ስድስት ወር ያልሞላው ከሆነ ወደሚያስተኛው ማዕከል ላኪ። ድሬዳዋ ቅርብ ነው ብለሽ እስከ ነገ አታቆይው።

እዚህ ላይ የርኅራኄ ስሕተት እንዳይኖር። ክፉኛ የከሳ ልጅ ልቡም፣ ኩላሊቱም፣ አንጀቱም ከስተዋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ስትሰጪው በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ፎስፌት በድንገት ይወርዳል፣ ልቡ ሸክሙን አይችልም። ለዚህ ነው በሕክምና ወተቱ በኤፍ 75 የምንጀምረው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ፣ ፕሮቲኑና ጨውነቱም ትንሽ። ሲረጋጋና ፍላጎቱ ሲመለስ ወደ ፕላምፒነት ወይም ወደ ኤፍ 100 ይሸጋገራል። በዚህ መጀመሪያ ጊዜ የብረት መድኃኒት አይሰጥም። በደም ሥር ጉሉኮስ እንዲሰቀልለት ቤተሰቡ ይወተውትሻል፤ የሾክ ምልክት ከሌለው ግን እሺ እንዳትይ። ተቅማጥ ካለው ሬሶማል (የሚጠጣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) በማንኪያ፣ ቀስ እያለ። ሌሊቱን እንዲሞቅ ከእናቱ ደረት ጋር ተለጥፎ ይደር፤ በየሦስት ሰዓቱም ይመገብ። የደም ስኳር ማነስና ብርድ ሕፃናትን የሚወስዱት ብዙ ጊዜ ከንጋት በፊት ነው።

9. ፕላምፒነት መድኃኒት መሆኑን አስረጂ

አንዱ ፓኬት 92 ግራም ነው፤ 500 ኪሎ ካሎሪ አለው። ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው፤ በአገራችንም ለገጣፎ ያለው ሂሊና ፋብሪካ ያመርተዋል። አምስት ልጅ ያላት እናት ለአንዱ ብቻ ስጪ ስትያት ፍርድ የጎደለው ይመስላታል፤ እውነቷን ነው። ወንድሞቹ ምን እንደሚበሉ ሳታስቢ "አታካፍዪ" ማለት አይሠራም። ቤቱ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ መሆኑን፣ ሌሎቹን ልጆች መለካትሽን አረጋግጪ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት ይቅደም፣ ከዚያ ፕላምፒነቱ፣ ከዚያ ውሃ። በየሳምንቱ ትመለስ። ለሁለት ሳምንት ክብደት ካልጨመረ በቁጣ ሳይሆን በጥያቄ ጀምሪ፤ ማን በላው? አስመለሰው? ሳንባ ነቀርሳ ይኖር ይሆን?

10. ከሕፃኑ ጀርባ ያለችውን እናት መርምሪ

ሕፃኑን ይዛ የመጣችውን ሴት ክንድ ለክተሽ ታውቂያለሽ? እርጉዝ ወይም አጥቢ ሆና ክንዷ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እሷም ታካሚሽ ናት። እርጉዝ ሴት በቀን ወደ 300፣ አጥቢ ወደ 500 ተጨማሪ ኪሎ ካሎሪ ትፈልጋለች፤ እሷ ግን ወተቱን ለልጆቹ፣ ሥጋውን ለእንግዳ አሳልፋ የተረፈውን ነው የምትቀምሰው። የብረትና ፎሊክ አሲዱን እንክብል ስትሰጫት ሻዩን ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት እንድታርቀው ንገሪያት።

ለአዲስ የተወለደ ሕፃን ስኳር በውሃ ወይም ወተት ማቅመስ በብዙ ቤት የቆየ ነገር ነው። "ተዉ" ከማለትሽ በፊት እንገሩ የመጀመሪያው ክትባት እንደሆነ ለአያቲቱ አስረጂ። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፤ በሙቀቱም ጊዜ ቢሆን ውሃ አያስፈልገውም፣ ጡቱ ውሃ አለው። ረመዳን ሲመጣ ስለ ጾም አንቺ አትፍረጂ። እስልምና ለእርጉዝ፣ ለአጥቢና ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ያንን ከአንቺ አፍ ሳይሆን ከሼኩ አፍ ብትሰማው ትቀበለዋለች። ሼኩን አስቀድመሽ ተዋወቂ።

11. ትልልቆቹን አትዝለያቸው

አዋቂ ሲመጣ "ክብደትዎ ስንት ነበር?" ብትይው አያውቅም። "ቀበቶዎ ስንት ቀዳዳ ገባ? ሽርጥዎ ሰፋብዎት?" በይው። በስድስት ወር ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ያጣ ሰው ያለ ምክንያት አልከሳም። ሳል ካለው አክታ ይመርመር። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አገር ትኩሳቱ እየሄደ የሚመለስ፣ መገጣጠሚያው የሚታመም ሰው ብሩሴሎሲስ ሊኖረው ይችላል፤ ወተቱን አፍልታችሁ ጠጡ ስትዪ ይህን ምክንያት ጨምሪበት። ጫት የምግብ ፍላጎትን እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ፤ ከሰዓት የሚቅም ሰው እራቱን አይበላም። ይህን ያለ ስብከት ጠይቂ። ሽማግሌው ቀጥ ብሎ መቆም ካልቻለ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ከጣት እስከ ጣት የሚለካው ርዝመት ከቁመቱ ጋር ይቀራረባል።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይትና ጣፋጭ ሻይ የሚዘወተርበት፣ እግር ብዙ የማይሄድበት ቤት ውስጥ ወገቡ የሰፋ አባትና ክንዱ የቀጠነ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ታገኚያለሽ። አባቱ ሌሊት ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ከተነሣ ስኳሩን ለኪ።

12. ሰው ሲሰበሰብ ኩፍኝን አስቢ

ድርቅ ሲጠና ቤተሰቦች ውሃና ዕርዳታ ወዳለበት ይሰበሰባሉ። በ1992 ዓ.ም. በጎዴ የደረሰው ረሃብ ያስተማረን ይህን ነው፤ ሕፃናቱን የገደላቸው ረሃብ ብቻ ሳይሆን ረሃብ ያዳከመው አካል ላይ የወረደው ኩፍኝና ተቅማጥ ነበር። ትልልቆቹም ልጆች በኩፍኝ ሞተዋል። ስለዚህ አዲስ የሰፈረ ቤተሰብ ስታዪ ሪባን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ የክትባት ካርዱን ጠይቂ፣ ቫይታሚን ኤውን ስጪ፣ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ እዪ። የምግብ ጠረጴዛና የክትባት ጠረጴዛ ጎን ለጎን ይቁሙ።

13. መዝገብሽን ለእንስሳት ጽሕፈት ቤቱም አሳዪ

በየወሩ መጨረሻ የገቡትን ልጆች ብዛት በቀበሌ ለይተሽ ጻፊ፤ አጠገቡ የዝናቡን ሁኔታና እናቶቹ ስለ ወተት የነገሩሽን አስፍሪ። ሁለት ሦስት ወር ሲጠራቀም የትኛው ቀበሌ ወተቱ ቀድሞ እንደሚነጥፍ ከማንም በፊት ታውቂያለሽ። ይህን ለጤና ጽሕፈት ቤት ብቻ ልከሽ አትቀመጪ። የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ዘንድ ሂጂ፣ ቁጥሩን አሳዪው፣ "እዚህ ቀበሌ ለሚታለቡት ፍየሎች መኖና ክትባት አሁን ካልደረሰ በሚቀጥለው ወር ልጆቹ እኔ ዘንድ ይመጣሉ" በይው። ነርስ ስለ ፍየል መኖ ምን አገባት የሚል ካለ የሽንሌን እናቶች ይጠይቅ፤ እነሱ ከእኛ ቀድመው አውቀውታል። የመጀመሪያ ወርሽን ሪፖርት ስትጨርሺ ግልባጩን ለእኔም ላኪልኝ።